ማዕበል በየኔታ ቤት

ጌጡ ከምፅዋ ወደ ደብረ ታቦር ሲመለስ ይዞ የመጣው ሦስት ነገር ነበር፤ የሚያነክስ ግራ እግር፣ የባሕር ኃይል ካፖርትና ማለቂያ የሌለው የባሕር ወሬ። እግሩ ከጉና በኩል ብርድ በመጣ ቁጥር ይጠዘጥዘዋል። ካፖርቱ ለደብረ ታቦር ክረምት የተሰፋ ይመስል በደንብ አገልግሎታል። አገር ያስቸገረው ወሬው ነው።

«ከውሃው ሥር የአትክልት ቦታ የሚያህል ድንጋይ አለ» ይላል ጠላ ቤት ቁጭ ብሎ። «ድንጋይ ብላችሁ እንዳትንቁት፣ ነፍስ ያለው ነው። ቀይ አለ፣ ወይን ጠጅ አለ፣ እንደ ጎመን የተዘረጋ አለ። ውሃው ወዲያ ሲል አብሮ ወዲያ፣ ውሃው ወዲህ ሲል አብሮ ወዲህ። ያ ሁሉ ባሕር ሲወዛወዝ ታዲያ ኮሽ የሚል ነገር የለም።»

«እኛ ጋ ድንጋይ ከተነቃነቀ ናዳ ነው፤ ሩጥ ነው የምንለው» ይለዋል አንዱ። ሌላው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብሎ ይጨምርበታል። ቤቱ በሳቅ ይሞላል። የቀበሌው የውይይት ክበብ ስለ አብዮታዊው ባሕር ኃይል ንግግር አድርግ ቢለው አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ዓሣ አውርቶ ቁጭ አለ፤ ሁለተኛ አልጠሩትም።

ጌጡም አብሯቸው ይስቅ ነበር፤ ግን ያመው ነበር። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዓመተ ምሕረት መርከቡ ስትመታ ከሞተር ክፍል ጓደኞቹ የተረፈው እሱ ብቻ ነው። በእረፍት ቀን አብረውት ከጀልባ ጫፍ ተደፍተው ያንን የውሃ ውስጥ አትክልት ያዩት እነሱ ነበሩ። ሰው «ውሸት ነው» ባለው ቁጥር እነዚያንም ልጆች አልነበሩም ያለው ይመስለዋል። ይህን ግን ለማንም አልተናገረም፤ ለሚስቱ ለአመተማርያም እንኳ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገራት፣ እሱንም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ።

በሰባ ሦስት ክረምት ሲገባ አንድ የተዘጋ ሱቅ ፈረሰ። ሠራተኞቹ የመስኮቱን ወፍራም መስታወት በመዶሻ ሊያደቁት ሲሉ ጌጡ ደረሰ፤ ለምኖ፣ አግባብቶ፣ በሰው ሸክም ወደ ቤት አስገባው። በአንግል ብረት አቀፈው፣ መገጣጠሚያውን በስቱኮ ደፈነው። ርዝመቱ ስድስት ክንድ፣ ጥልቀቱ አንድ ክንድ የሆነ የመስታወት ገንዳ በሳሎኑ ግድግዳ ሥር ተጋደመ። አመተማርያም ወገቧን ይዛ አየችውና «ሬሳ ሳጥን ነው ወይስ ምንድን ነው?» አለች።

«ባሕሩን ማምጣት ካልቻልኩ ወንዙን አመጣዋለሁ» አላት።

መልካም ሐሳብ ነው፤ ችግሩ ቤቱ የማን እንደሆነ ነው። ቤቱ የአባቷ የየኔታ ገብረሥላሴ ነው። የኔታ አርባ ዓመት ድጓ ያስተማሩ፣ ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኖ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት በቀር የማያይ፣ ጆሯቸው ግን ጎረቤት ከተማ ገሳይ ድረስ የተወራለት መምህር ናቸው። ሃያ ተማሪ በአንድ ላይ ሲያዜም «አንተ በላይነህ፣ እዚያች ላይ ወደቅህ» ብለው ለይተው በስም ይጠራሉ። በበጋ የሚያስተምሩት ደጅ ከዛፍ ሥር ነው። ክረምት ሲሆን ከሳሎኑ ጋር በአንድ ግድግዳ ወደተለየው ክፍል ይገባሉ። ሳሎኑንና ከሱ ቀጥሎ ያለውን እልፍኝ ለአመተማርያም ሲድሯት ሰጥተዋታል፤ ስለዚህ ገንዳውን አልከለከሉም። ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ድምፅ እንዳይኖረው» አሉ።

ጌጡ ከጉማራ ወንዝ በጀሪካን ዓሣ አመጣ፤ ጎናቸው ብር የመሰለ፣ ጣት የሚያካክሉ፣ ኮረት መሀል ፊታቸውን ወደ ላይ ወንዝ አዙረው የሚቆሙ። በማግስቱ ወደ ውሃው አናት ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር። በሦስተኛው ቀን ሆዳቸው ወደ ላይ ሆነ። ወራጅ ውሃ የለመደ ዓሣ በቆመ ውሃ አይኖርም፤ ይህን ለማወቅ መርከበኛ መሆንም አያስፈልግም ነበር።

ከቤቱ ጀርባ ከዳገቱ የሚወርድ የምንጭ ቦይ አለ፤ ጎመን ያጠጣል፣ ልብስ ይታጠብበታል። ጌጡ ሌላ ዓሣ አመጣና ውሃውን ከቦዩ በቀጭን የብረት ቧንቧ ጠልፎ ግድግዳ በስቶ ወደ ገንዳው አስገባ። ውሃው መጣ፤ ግን እንደ ተቆጣ እባብ እያፏጨ መጣ። ዓሦቹን እየገፋ በአንዱ ጥግ ደረደራቸው፤ በሌላው ጥግ ያለው ውሃ ግን እንደ ቆመ ቀረ። በወዲያኛው ክፍል ትምህርቱ ቆመ።

«ይህ አዲስ ተማሪ ማነው?» አሉ የኔታ በግድግዳው በኩል። «አንድ ዜማ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ እሱንም አያሳርፍም።»

«ቧንቧ ነው የኔታ።»

«አስወጡት!»

ተማሪዎቹ በሳቅ ፈነዱ። ቧንቧው ወጣ፤ ዓሦቹም ተራ በተራ ሞቱ።

ጌጡ ግን የሞተር ክፍል ሰው ነው፤ አንዴ እጁ ግራሶ ከነካ አይመለስም። ጠባብ ውሃ ይጮሃል፣ ሰፊ ውሃ ዝም ይላል ብሎ አሰበ፤ ይህም ልክ ነበር። ስለዚህ ከቤቱ አግዳሚ እንጨት ላይ በጠፍር ሰፊ ሳንቃ አንጠልጥሎ በገንዳው አንድ ጫፍ ውስጥ አስገባው፤ ሳንቃው ወዲያና ወዲህ ሲል ውሃውን ሁሉ ባንድ ላይ ይገፋል። ሳንቃውን የሚገፋው ማነው? ምንጩ። ከግድግዳው ውጭ እንደ ሚዛን የሚዋልል እንጨት ተከለ፤ በሁለቱ ጫፍ ሁለት ሳጥን አሰረ። ቦዩ አንዱን ሳጥን ይሞላዋል፣ ሳጥኑ ይወርድና ይደፋል፤ በዚያን ጊዜ ሌላኛው ወጥቶ ከቦዩ ሥር ይደቀናል። ከሚዛኑ የተነሣ ዘንግ ግድግዳውን አልፎ ሳንቃውን ይነቀንቀዋል። ናፍጣ የለ፣ መብራት የለ። ጌጡ በራሱ ኮራ፣ የሚኮራበትም ነበር።

ስሕተቱ ሳጥኖቹን ማተለቁ ነው። ትልቅ ባሕር ትልቅ ጉልበት ይፈልጋል ብሎ ባልዲ ሙሉ የሚይዙ ሳጥኖች ሠራ። ሞልተው ሲወርዱ ዷ! ይላሉ፤ ቤቱ ይነቃነቃል። ሳንቃው ሲገፋ ውሃው እየተመለሰ ነው፤ ይጋጫሉ፣ ይረጫጫሉ። በአራተኛው ዷ! ላይ የተጋጨው ውሃ ከገንዳው ጠርዝ በላይ ተነሥቶ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ በበሩ ሥር ሾልኮ ወደ የኔታ ክፍል ገባ። ተማሪዎቹ የተቀመጡበት አጎዛ ራሰ። የብራናው ድጓ አትሮኖሱ ላይ ባይሆን ኖሮ የአርባ ዓመቱ ነገር እዚያው ያበቃ ነበር።

የኔታ በመቋሚያቸው እየዳሰሱ፣ እግራቸው ውሃውን እየረገጠ መጡ። አልጮኹም። ቢጮኹ ለጌጡ ይቀለው ነበር።

«ጌጡ ልጄ» አሉ፣ «የኔ ተማሪዎች መስኮታቸው በጆንያ ተወትፎ በጨለማ ያጠናሉ። አንተ ደግሞ ስድስት ክንድ መስታወት ይዘህ ውሃ ታጠጣዋለህ። እስከ ደብረ ታቦር በዓል ታግሼሃለሁ። የቡሄ ዕለት መጥቼ አዳምጣለሁ። አንዲት ድምፅ ከሰማሁ መስታወቱ ተነቅሎ ለተማሪዎቹ መስኮት ይሁን።»

«እሺ የኔታ።»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። ውሃውን አቁመህ ይኸው ዝም አለ እንዳትለኝ። ዝም ማለትማ ኩሬም ዝም ይላል። ካልተንቀሳቀሰም ያው ነው፣ ይነቀላል።»

ፍርዱ ትክክል ነበር፤ ጌጡን ያንገበገበው ይኸው ነው። በጨለማ የሚያዜሙት ተማሪዎች እውነት አላቸው። እሱ በእጁ ያለው አንድ ባሕር ነው፤ እሱም ማንም ያላየው። መስታወቱ ተነቅሎ መስኮት ከሆነ ባሕሩ ከእንግዲህ የጠላ ቤት ወሬ ሆኖ ይቀራል፤ እሱም ለዘላለም ውሸታሙ ጌጡ። ቡሄ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀረው።

ሳምንቱን ሙሉ ሳጥኑን በጆንያ ጠቀለለ፣ ድንጋይ ጨመረ፣ ድንጋይ ቀነሰ። ሲያበረታው ይረጫል፣ ሲያደክመው ውሃው ይተኛል። ፍልሰታ ገብቶ እሱ ገና አልተኛም፤ እህል አልቀመስ አለው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለችው አመተማርያም ወለሉን ለስንተኛ ጊዜ እየወለወለች። እሷም ደክሟታል። ግን አንድ ቀን እንኳ ተወው አላለችውም፤ ያን ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የነገራትን አልረሳችም።

አንድ ጠዋት በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሳለ አመተማርያም ከላይኛው ምንጭ እንስራ አዝላ ስትመለስ አያት። ዳገቱን ስትወርድ ደህና ትራመድ ነበር። ሜዳው ላይ ስትደርስ ግን እርምጃዋን አዛባችው፤ ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር፣ ቆም፣ ደግሞ አንድ ረጅም።

«ምን ሆነሽ ነው? እግርሽን አመመሽ እንዴ?»

«ምን ያመኛል» አለች እንስራዋን እያወረደች። በአፉ ላይ የጣለችበትን ቅጠል አንሥታ አራገፈችው። «ውሃው የራሱ እርምጃ አለው። እርምጃዬ ከሱ ጋር ከገጠመ እየተነሣ እየተነሣ ይሄድና ዘሎ ጀርባዬን ያርሰኛል። ስለዚህ አዛባበታለሁ። ይሄንንም አታውቅ? ባሕር ላይ ምን ስትሠራ ኖርክ?»

ጌጡ ከተቀመጠበት ተነሣ።

«እንደገና በይው።»

«ምኑን?»

«ያልሽውን፣ አመቴ፣ ያልሽውን!»

እሷ እርምጃዋን የምታዛባው ውሃው እንዳይነሣ ነው። እንግዲያው ውሃው እንዲነሣ የሚፈልግ ሰው እርምጃውን ይግጠም እንጂ ምን ጉልበት ያስፈልገዋል? እያነከሰ ወደ ሳሎኑ ሮጠ። ዘንጉን ከሳንቃው ፈታና መዳፉን ሳንቃው ላይ አደረገ። በጣም ቀስ ብሎ ገፋው፤ ልጅ እንደሚያባብል ሰው። ውሃው ወደ ወዲያኛው ጫፍ ሄደ። ጠበቀው። ሲመለስ ተቀበለው፤ ሊዞር ሲል እንደገና ነካ አደረገው። ጠበቀ። ነካ አደረገ። በስድስተኛው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ውሃ ሁሉ በአንድ ላይ ሄደ፣ በአንድ ላይ መጣ። የውሃውን አካሄድ ለማየት ገንዳው ውስጥ የበተነው ጭድ ወዲያ ሄደ፣ ወዲህ መጣ። ጠብታ አልፈናጠረም። ድምፅ የለም። የሱ መዳፍ ደግሞ ምንም አልደከመውም።

እንባው መጣ፤ አላፈረበትም። አመተማርያም በሩ ላይ ቆማ ታያለች።

«እንዲህ ነው የሚሆነው?» አለች ቀስ ብላ። «እውነትም እንዲህ ነው?»

«እንዲህ ነው» አላት።

የዚያን ቀን ሥራው ሁሉ የተገላቢጦሽ ሆነ። ሳጥኖቹን በመጋዝ ቆርጦ ከሲሶ በታች አደረጋቸው፤ ትንንሽ ስለሆኑ ቶሎ ይሞላሉ፣ ቶሎ ይደፋሉ። የቦዩን ውሃ ጨመር ቀነስ እያደረገ የሚዛኑን መዋለል ከውሃው እርምጃ ጋር አገጣጠመው፤ ይህ ብቻ አራት ቀን ፈጀ። ሚዛኑ በሚያርፍበት በሁለቱም በኩል አጎዛ አነጠፈ። ዘንጉ በሚያልፍበት ቀዳዳ የበግ ጠጉር ጠቀጠቀ። ውሃው ሲደፋ እንዳይጮህ ከሥሩ ገለባ ጎዘጎዘ። የቀረው የእንጨቱ ሲጥ ሲጥ ማለት ነበር፤ ለሱ ሞራ አምጪልኝ አላት።

«በፍልሰታ ሞራ?»

«እንጨቱ አይጾምም» አላት፤ ሳቀችና አመጣችለት።

ነሐሴ ስምንት ቀን ከጉማራ አዲስ ዓሣና ከወንዙ ዳር ረጅም የውሃ ሣር አመጣ። ሣሩን በኮረት መሀል ተከለው። ዓሦቹ የመጀመሪያውን ቀን ግራ ተጋቡ፤ በሁለተኛው ቀን ግን ለመዱት። ውሃው ወዲያ ሲል ሁሉም ፊታቸውን አዙረው ይቆማሉ፣ ወዲህ ሲል ሁሉም ይዞራሉ። አንድም አልሞተም። ነሐሴ አሥራ ሦስት ቡሄ ሆነ።

ደብረ ታቦር የአብነት ተማሪ በዓል ነው፤ በስሙ በሚጠራው ከተማ ደግሞ ደስታው እጥፍ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ሰፈሩ በጅራፍ ጩኸት ይናጋል። የኔታ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በሩ ላይ ቆመው «ጅራፉን ከግቢ አውጡት፤ ፍርድ አለብኝ» አሉ። ተማሪዎቹ ጅራፉን ጣሉና ተከተሏቸው። አንዳንዶቹ መስታወቱ ሲነቀል መዶሻ ለማቀበል ነው የመጡት፤ አንዳንዶቹ ዓሣው ለወጥ ይደርሳቸው እንደሆነ ለማወቅ፣ ፍልሰታ መሆኑንም እያወቁ።

የኔታ ገንዳው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። መቋሚያቸውን በግራ እጃቸው ይዘው አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ፤ ተማሪ ሊፈትኑ ሲሉ እንደሚያደርጉት። በሣር ክዳኑ ላይ ካፊያ ይወርዳል። ጌጡ የሚሰማው የራሱ ልብ ብቻ ነበር፤ እሱንም የኔታ እንዳይሰሙበት ፈራ።

ቆይተው ቆይተው «በል፣ አስነሣው» አሉ።

ጌጡ አመተማርያምን አያት፤ አየችው።

«ፈራህ እንዴ? አስነሣው እንጂ፣ ልስማው!»

«የኔታ፣ ዓሦቹ ከገቡበት ቀን ጀምሮ አልቆመም።»

የኔታ ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ነግሬህ ነበር» አሉ፤ ድምፃቸው ከፍ አለ። «የቆመ ውሃ እንዳታሳየኝ ብዬህ ነበር። ዓይኔ ስላላየ ልታታልለኝ ነው?» ተቆጥተው ብድግ አሉና የቀኝ እጀታቸውን እስከ ክርናቸው ሰብስበው እጃቸውን ገንዳው ውስጥ ከተቱ።

ውሃው እጃቸውን ይዞት ሄደ።

የኔታ ደነገጡ፤ በርጩማው ላይ ተመልሰው ቁጭ አሉ፤ እጃቸውን ግን አላወጡም። ውሃው እጃቸውን ወደ ቀኝ ወሰደው፣ ጥቂት አቆየው፣ ወደ ግራ መለሰው። እጃቸውን ባለበት ሊይዙት ሞከሩ፤ አልቻሉም። ዓሦቹ በጣቶቻቸው መሀል አልፈው ሄዱ። አንገታቸውን እንደገና ዘንበል አድርገው አዳመጡ፣ ምንም አልሰሙም፤ እጃቸው ግን እየሄደ እየመጣ ነው።

ከዚያ በግራ እጃቸው የያዙት መቋሚያ መንቀሳቀስ ጀመረ። ማንም አልነገራቸውም፣ እሳቸውም ያወቁት አይመስልም። ቀኝ እጃቸው በውሃው ውስጥ ወደ ቀኝ ሲሄድ መቋሚያው አብሮ ዘንበል ይላል፤ ሲመለስ ይመለሳል። በማሕሌት ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ይዘው ወዲያና ወዲህ የሚሉት ዝማሜ ነው፤ ያ እርጋታ፣ ያ አብሮ መሄድ። የኔታ በአፍንጫቸው ዜማውን ጀመሩት። በር ላይ ከቆሙት አንዱ ተቀበላቸው፤ ከዚያ ሁለት ሆኑ፣ ከዚያ ሁሉም። ሳሎኑ ሞላ። ጌጡ ከሞተር ክፍል ጓደኞቹ ወዲህ እንዲህ ከሰው ጋር ሆኖ አያውቅም።

ሲያበቁ የኔታ እጃቸውን አወጡና በነጠላቸው አደረቁት።

«ባሕሩ እንዲህ ነው?» አሉ።

«እንዲህ ነው የኔታ። ይሄ ትንሹ ነው።»

«ይሄን እያወራህ ነው አገሩ ሁሉ ውሸታም ያለህ?»

ጌጡ አንገቱን ብቻ ነቀነቀ፤ የኔታ እንደማያዩት ረስቶ።

«እኔም ውሸታም ብዬሃለሁ» አሉ የኔታ። «ይቅር በለኝ ልጄ።» ወዲያው ወደ ተማሪዎቹ ዞሩ። «ምን ቆማችኋል? አጎዛችሁን አምጡ፣ አትሮኖሱንም። እዚህ መስኮቱ ከነፋስ ጀርባ ነው፤ ክፍት ሆኖ ብርሃን ያስገባል። ከዛሬ ጀምሮ ትምህርቱ እዚህ ነው። አመተማርያም፣ ልጄ፣ ከፈቀድሽ።»

«ከገንዳው ጠጥተው የዓሣ ነፍስ እንዳይቀጥፉብኝ እንጂ እኔ ምን ከፋኝ» አለች አመተማርያም፤ ዓይኗን ግን ጠረገች።

መዶሻ ሊያቀብል የመጣው በላይነህ አትሮኖሱን ተሸክሞ ገባ። ክረምቱ እስኪወጣ ተማሪዎቹ በብርሃን ገንዳው ዳር ተቀምጠው አጠኑ። ጠላ ቤትም ወሬው ተገለበጠ፤ ገሳይ ድረስ ያለ ሰው የየኔታን ባሕር ለማየት እየመጣ፣ ጌጡ ወሬ መጀመር እንኳ ሳያስፈልገው ቀረ።

በቡሄ ማግስት፣ በመጀመሪያው ትምህርት ላይ ግን በላይነህ እንደ ልማዱ ጥድፊያ አበዛ። የኔታ መቋሚያቸውን አነሡ።

«ቸኮልክ። ውሃውን ተከተል።»

«የኔታ፣ ውሃው እኮ አይሰማም» አለ በላይነህ።

«አውቃለሁ» አሉ የኔታ። «እጅህን ክተት።»